ከአዲስ አበባ እስከ ባሌ ተራሮች፤ የረዥም መንገድ ጉዞና ሒሳቡ

አንድ አስመጪ ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ሲያስነሣ የዕቃውን ክብደት፥ የጭነቱን ዋጋ፥ የሚያልፍበትን መንገድና የሚገባበትን ቀን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ሳያሰፍር አንዲት እርምጃ አይራመድም። ይኸው ሰው ግን በበዓል ሰሞን ባለቤቱንና ልጆቹን በመኪና አሳፍሮ 400 ኪሎ ሜትር ወደሚርቅ አገር ሲነሣ፥ «መንገዱ ራሱ ያደርሰናል» ብሎ ቁልፉን ያዞራል። ስለ ዕቃው የሚጨነቀውን ያህል ስለ ቤተ ሰቡ አለመጨነቁ ፍቅር አጥቶ ሳይሆን፥ ሽርሽርን ከሥራ ስለማይቆጥረው ነው። እኛ ግን ረዥም የመኪና ጉዞ እንደ ማናቸውም የጭነት ሥራ በሒሳብ መመራት እንደሚገባው እናምናለንና፥ ለዚህ ማስረጃ ይሆን ዘንድ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚደረገውን ጉዞ ለአንባቢዎቻችን እንተነትናለን።

ይህን ፓርክ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተ ሲሆን ስፋቱ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሠፍሯል፤ ከአገራችን የተፈጥሮ ቅርሶች መካከልም እ.ኤ.አ. በ1978 ከተመዘገበው ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ቀጥሎ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ቁጥር ከ500 እንደማይበልጥ ሲገመት፥ ከዚሁ ከግማሽ የሚበልጠው የሚኖረው በእነዚህ ተራሮች ላይ ነው። የደጋ አጋዘንም እንዲሁ የአገራችን ብቻ ሀብት ነው። እንግዳ ከባሕር ማዶ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የሚያየውን ነገር፥ የመርካቶ ነጋዴ በሁለት ቀን መንገድ ሊደርስበት ይችላል።

ስለ መንገዱ አመራረጥ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወዳለበት ወደ ዲንሾ የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በሞጆ፥ በባቱና በሻሸመኔ አልፎ በኮፈሌ በኩል ወደ ዶዶላ ይወጣል። ሁለተኛው በአዳማ፥ በአሰላና በበቆጂ በኩል ሄዶ ያንኑ ዶዶላን ይገናኛል። ከዶዶላ ወዲያ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ በአዳባ በኩል ወደ ዲንሾ፥ ከዲንሾም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሮቤ፥ ከሮቤ ደግሞ 14 ኪሎ ሜትር ወደ ጎባ ያደርሳል።

በሻሸመኔ በኩል እስከ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በአሰላ በኩል ከዚያ ጥቂት ያንሳል። ብዙ ሰው የሻሸመኔውን መንገድ የሚመርጠው ስለለመደው ነው። በእርግጥም በዚህ በኩል የሚሄድ ሰው እስከ ባቱ ድረስ በፍጥነት መንገድ ይጓዛል፤ ምግብ ቤቱ፥ ጋራዡና ጎሚስታውም ብዙ ነው። ነገር ግን ከባቱ ወዲያ የሕዝብ ማመላለሻው፥ ባጃጁ፥ የአህያ ጋሪውና የከብቱ መንጋ ከከባድ ጭነት መኪና ጋር ተቀላቅሎ መንገዱን ስለሚያጨናንቀው፥ በካርታ ላይ ቀላል መስሎ የሚታየው ርቀት በሰዓት ሲቆጠር ይረዝማል። በአሰላ በኩል ያለው መንገድ ከአዳማ 1,600 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ በቆጂ ላይ 2,800 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ አቀበት ይበዛበታል፤ ሆኖም የተሽከርካሪው ብዛት ያነሰ ነው፤ አየሩም ቀዝቃዛና ለተሳፋሪ የሚስማማ ነው። በቆጂ እነ ደራርቱ ቱሉ፥ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡባት ከተማ መሆኗን ለልጆች ነግሮ ጥቂት እንዲሮጡ ማድረግ ከመኪና ድካም ያሳርፋል።

በመኸር ወራት ግን በአርሲ የስንዴ እርሻዎች አጠገብ የሚያልፍ ሰው የመንገዱን ስፋት ሞልቶ በዝግታ የሚሄድ ኮምባይነር ሊያጋጥመው እንደሚችል ይወቅ። ከኩርባ ላይ ለመቅደም መሞከር የሚያተርፈው አምስት ደቂቃ ነው፤ የሚያከስረውን መናገር አያስፈልግም። ከመሸ በዃላ መንዳት በሁለቱም መንገዶች የሚመከር አይደለም። ከጧቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ከምሽቱ በፊት ማደሪያ መግባት፥ ካልሆነም መንገዱን በሁለት ቀን መክፈል ይሻላል። የመንገዱንም የጸጥታ ሁኔታ ከመነሣት በፊት በዚያው አቅጣጫ ዕቃ ከሚልክ ደንበኛ ወይም ከሹፌር ጠይቆ መረዳት ለነጋዴ የሚያዳግት ነገር አይደለም።

ወራቱን በሚመለከት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ለጉዞ ይመቻል። መንገዱ ይደርቃል፤ ሰማዩም ይጠራል። የዚህ ወራት ዕዳው ብርድ ነው፤ በሳነቴ አምባ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ የጧቱ ሣር በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። በክረምት የሚሄድ ሰው አበባውንና ልምላሜውን ያያል፤ ከጎባ በላይ ያለው የጠጠር መንገድ ግን በጭቃና በጉም ይፈትነዋል።

ስለ ሞተርና ስለ ከፍታ

የባሌን ጉዞ ከሌላው የሚለየው ዋናው ነገር ከፍታ ነው። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለ ሰፊ አምባ ሲሆን፥ በዚያ ላይ የቆመው ቱሉ ዲምቱ የተባለው ተራራ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 60 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር ከመቶ ያህል እያጣ ይወጣል፤ አዲስ አበባ ላይ ያጣውን ለምዶት የማያስተውል ባለ መኪና፥ ሳነቴ ላይ ሲደርስ መኪናው የታመመ ይመስለዋል። መኪናው አልታመመም፤ አየር አጥቷል። ማርሽ ቀንሶ በትዕግሥት መውጣት እንጂ ነዳጅ መርገጥ አይጠቅመውም።

ውኃም በዚያ ቦታ የሚፈላው በ87 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ነገር ሁለት ውጤት አለው። አንደኛ፥ ክዳኑ የላላ ወይም ያረጀ ራዲያተር በቆላ የማያሳየውን ችግር በደጋ ያሳያል፤ ስለዚህ ክዳኑን፥ ቱቦውንና ቺንጋውን ከመነሣት በፊት ማስመርመር ይገባል። ሁለተኛ፥ ሽሮ እሠራለሁ ብሎ ምድጃ ይዞ የወጣ ሰው ምሳው እራት ይሆንበታል። በሶ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ደረቅ እንጀራና የአርሲና የባሌ ሰዎች ለመንገድ የሚይዙት ጭኮ ከማናቸውም የታሸገ ምግብ ይሻላሉ።

ነዳጁን እናስላ። አራት ጎማው የሚነዳ የናፍጣ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ይወስዳል ብንል፥ ደርሶ መልስ 800 ኪሎ ሜትር፥ በፓርኩ ውስጥና በዙሪያው ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ሲጨመር በጠቅላላው 120 ሊትር ይሆናል። በጠጠርና በአቀበት የሚወስደው ስለሚጨምር 140 ሊትር ማሰብ ደግ ነው። ነዳጅ ማደያ ስላለ ብቻ ነዳጅ አለ ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ልማዳችን መሆን ያለበት ታንኩ ግማሽ ሲደርስ ባገኙት ማደያ መሙላት ነው፤ ቀዩ መብራት እስኪበራ መጠበቅ ለከተማ ሰው ነው። ከጎባ ወዲያ ተራራውን አቋርጦ ወደ ደሎ መና ለሚወርድ ሰው ደግሞ ጎባ ላይ ሙሉ ማድረግ ግዴታ ነው።

ስለ ኤሌትሪክ መኪና

እዚህ ላይ ለአስመጪዎች በተለይ የሚመለከት ጥያቄ ይነሣል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ማስታወቁ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ አዲስ መኪና የገዛ ሰው በአብዛኛው የገዛው የኤሌትሪክ መኪና ነው። ይህ ሰው በእርሷ ባሌ ደርሶ ሊመለስ ይችላልን? ሻጩ «ይቻላል» ይላል፤ ጎረቤቱ «አይሞከርም» ይላል። ሁለቱም አላሰሉትም።

60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያላት፥ ከነተሳፋሪዋ ሁለት ቶን የምትመዝን መኪና እንውሰድ። በመጠነኛ ፍጥነት በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ትፈጃለች እንበል። ሁለት ቶን ክብደትን 1,000 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ደግሞ አምስት ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ያስፈልጋል፤ ቁልቁለቱ ላይ ከዚህ ከፊሉ ወደ ባትሪው ይመለሳል እንጂ ሙሉው አይመለስም።

በሻሸመኔ በኩል ብትሄድ፥ አዲስ አበባን በሙሉ ባትሪ ለቅቃ 250 ኪሎ ሜትሩን ስትጨርስ 45 ፈጅታ 15 ይቀራታል። እዚያ አድራ ከተራ ሶኬት 2 ኪሎዋት እየሳበች 10 ሰዓት ብትቆይ ቢበዛ 20 ታገኛለች፤ በጠቅላላው 35 ማለት ነው። ከሻሸመኔ እስከ ዲንሾ ያለው 150 ኪሎ ሜትር 27፥ የ1,200 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ስድስት ተኩል ይፈልጋል። ድምሩ 33 ተኩል ነው። እንግዲህ ዲንሾ ብትደርስ እንኳ የምትደርሰው ባዶ ባትሪ ይዛ ነው፤ በመካከሉ ብርድ፥ ዝናብ ወይም የመንገድ መዘጋት ቢያጋጥም አትደርስም።

በአሰላ በኩል ብትሄድስ? አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች የሚፈጀው ከ31 እስከ 33 ነው፤ ቢያንስ 27 ይቀራል። በአዳሩ 20 ሲጨመር 47 ይሆናል። ከአሰላ እስከ ዲንሾ ለሚቀረው 200 ኪሎ ሜትርና ለአቀበቱ 41 ቢወጣ ከአምስት እስከ ስድስት ይተርፋል፤ ይህም 30 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ወርዶ ሮቤ ለመግባት ይበቃል። የተለመደው የሻሸመኔ መንገድ የማያደርሳትን መኪና፥ አቀበታሙ የአሰላ መንገድ ያደርሳታል ማለት ነው፤ ምክንያቱም የማደሪያው ቦታ ጉዞውን በእኩል ስለሚከፍለው ነው። ይህን የሚያሳየው ካርታ ሳይሆን ሒሳብ ነው።

ነገር ግን በአምስት ኪሎዋት ሰዓት ትርፍ ቤተ ሰብ ጭኖ ወደ ተራራ መውጣት ጠንቃቃ ሰው የሚያደርገው አይደለም። ነገሩን ሁሉ የሚለውጠው በሆቴሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው 7 ኪሎዋት የሚሰጥ መሙያ ነው፤ ይህ ዕቃ ካለ ባዶ የገባች መኪና በ10 ሰዓት ሞልታ ታድራለች፤ በሁለቱም መንገዶች ያለ ሥጋት ይኬዳል። የመሙያ ጣቢያዎች እስካሁን በብዛት ያሉት በአዲስ አበባ እንደ መሆኑ፥ መኪናዋን ብቻ አስመጥቶ መሙያውን የረሳ ነጋዴ ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶታል ብንል ማጋነን አይሆንም። በአሰላ፥ በሻሸመኔ፥ በሮቤና በጎባ ያሉ ባለ ሆቴሎችም አልጋና ምግብ ሲያስታውቁ የመሙያቸውን ጉልበት በኪሎዋት ቢያስታውቁ እንግዳው እየደወለ ይመጣል። እስከዚያው ድረስ ባለ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ለማደሪያው ስልክ ደውሎ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ሶኬቱ ስንት ኪሎዋት እንደሚችል፥ ከመኪና ማቆሚያው ምን ያህል እንደሚርቅ፥ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እንዳለ። ወፍራም ሽቦ ያለው የማራዘሚያ ገመድ ከትርፍ ጎማ እኩል አስፈላጊ ዕቃ ሆኗል።

ለኤሌትሪክ መኪና አንድ ክብር አንነፍጋትም፤ ሳነቴ ላይ የቤንዚኑ ሞተር ትንፋሽ ሲያጥረው እርሷ ጉልበቷን አትቀንስም። ደግሞም ከዶዶላና ከአዳባ አጠገብ በዋቤ ሸበሌ ወንዝ ላይ የተሠራው የመልካ ዋከና የኃይል ማመንጫ 153 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ነው። ወንዙ የሚነሣው ከዚያው ከደጋው አገር ነውና፥ የተራራው ውኃ መኪናዋን ወደ ተራራው ያወጣታል ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በፓርኩ ውስጥ

ከአዳባ አልፎ ወደ ዲንሾ የሚቃረብ ሰው ጋይሳይ ከተባለው የሣር ሜዳ ላይ ፍጥነቱን ይቀንስ። መንገዱ የሚያልፈው በአጋዘኖቹ መሰማሪያ መካከል ነው፤ ከመኪና ሳይወርዱ የደጋ አጋዘን የሚታይበት ቦታም ይኸው ነው። ከርከሮውና ድኩላውም መንገድ ያቋርጣሉ። ዲንሾ ላይ የመግቢያውን ዋጋ ከፍሎ፥ ደረሰኝ ተቀብሎ፥ የአካባቢውን መንገድ መሪ ይዞ መግባት ሥርዓት ነው። መሪው የሚቀበለው ገንዘብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅመው ለእንግዳው ነው፤ ቀበሮው ያለበትን ያውቃልና።

የመጀመሪያውን ሌሊት በዲንሾ ወይም በሮቤ ማደር፥ ሳነቴ መውጣትን ለማግሥቱ ማቆየት ይገባል። ከቆላ ወጥቶ በዚያው ዕለት 4,000 ሜትር ላይ የደረሰ ሰው ራሱን ያመዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ የዚህም መድኃኒቱ ወዲያው መውረድ ነው። ልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይውጣ።

ቀይ ቀበሮ ፍልፈል የሚያድነው በቀን ነው። ከጎባ ማለዳ ተነሥቶ ወደ ሳነቴ የወጣ ሰው በጅብራው መካከል ጉድጓድ አጠገብ አድፍጦ ሲጠብቅ ሊያየው ይችላል። መኪናን ከመንገድ አውጥቶ በሣሩ ላይ መከተል ክልክል ከመሆኑም በላይ የፍልፈሉን ጉድጓድ ስለሚደረምስ ቀበሮውን ከምግቡ ይለየዋል። ውሻ ይዞ መሄድም ፈጽሞ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 ከውሾች የተዛመተ የእብደት በሽታ በባሌ ብዙ ቀበሮዎችን ጨርሷል፤ ቁጥሩ ከ500 በታች ለሆነ ፍጥረት አንድ የታመመ ውሻ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሳነቴ በስተ ደቡብ መንገዱ በብርቱ ቁልቁለት ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። ከውርጩ አገር ወደ አስታው፥ ከአስታው ወደ ኮሶውና ወደ ቀርከሃው፥ ከዚያም ጥቅጥቅ ወዳለው ደን የሚወርደው ይህ መንገድ፥ በእኛ አስተያየት በአገራችን ካሉት የመኪና መንገዶች ሁሉ ለዓይን የሚያስደስት ነው። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሹፌር ግን ደኑን ሳያይ የፍሬኑን ሽታ ይሸታል፤ በማርሽ ይውረድ። በዚህ ደን ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ የአገሬው ሰው ለቅሞ አድርቆ ይሸጠዋል፤ ከዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎም ማር ይቆረጣል። ቡና ላኪዎች ይህን በዓይናቸው ቢያዩ ከናሙና ጠረጴዛ የማይገኝ ዕውቀት ያገኛሉ። ስለ ደኑ ለገዥ ሲጽፉም የሚጽፉት ያዩትን ይሆናል፤ ደኑ ለእርሻ እየተመነጠረ ከሄደ ግን የሚጻፍለት ቡና አይኖርም። ከእነዚህ ተራሮች በሚወርደው ውኃ የሚጠቀመው ሕዝብ፥ በአገራችን ምሥራቅና በሶማሊያ ያለውን ጨምሮ፥ 12 ሚሊዮን ያህል መሆኑ ይነገራል፤ ስለዚህ የደኑ ነገር የቡና ላኪው ብቻ አይደለም።

ከእነዚህ ሌላ ከሮቤ በስተ ምሥራቅ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ለማየት የሚፈልግ ሰው ሌላ ሙሉ ቀን ይጨምር እንጂ ከሳነቴ ቀን ላይ ቆርሶ አያጣብብ።

ለመላው ጉዞ አምስት ቀን ይበቃል። ለመሄድ ሁለት፥ ለዲንሾና ለጋይሳይ ግማሽ፥ ለሳነቴና ለሐረና አንድ ተኩል፥ ለመመለስ አንድ። በመመለሻው ቀን በናፍጣ የሚሄድ ሰው በመጣበት ሳይሆን በሌላው መንገድ ቢመለስ ሁለቱን አገር አይቶ ይገባል፤ የኤሌትሪክ መኪና የያዘ ግን በአሰላ በኩል ይመለስ፤ መሙያ ካላገኘም መመለሻውን ሁለት ቀን አድርጎ አሰላ ላይ ይደር። ከሮቤ በጧት የተነሣ ሰው ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ሞጆን ቢያልፍ ይመረጣል፤ ከዚያ በዃላ ከደረቅ ወደቡ የሚወጡት ከባድ ተሽከርካሪዎች ወደ ዋናው መንገድ ሲገቡ ሰልፉ ይረዝማል። ምናልባትም ከሰልፉ መካከል፥ ትናንት ይገባል ተብሎ የነበረው የገዛ ዕቃው ከነኮንቴይነሩ ከፊቱ ቆሞ ያገኘው ይሆናል።